ሰው የሞላበት ጸጥታ

ጸጥ ያለ መንገድ የሚመኝ ብስክሌተኛ በልቡ የሚስለው መንገድ አለ። ረጅም ነው፤ ጠጠር ነው፤ መኪና የለበትም፤ ሰውም የለበትም። በሌላው ዓለም በጠጠር መንገድ መጋለብ ራሱን የቻለ ስፖርት ከሆነ ወዲህ ፎቶግራፎቹ ሁሉ ይህንኑ ይደጋግሙታል፤ አንድ ጋላቢ፣ ከኋላው አቧራ፣ ዙሪያው ሜዳና ሰማይ። በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት፣ በኤምፖሪያ ከተማ ዙሪያ፣ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው ስመ ጥር የጠጠር ውድድር ጋላቢዎቹን የሚወስደው ዛፍ እምብዛም በማይታይበት የሣር ኮረብታ ላይ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከሰው ርቆ ብቻውን ለመሆን ይሄዳል፤ ያገኘዋልም።

በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጌዴኦ ምድር ባለችው ወርቃ ግን ይህ ሥዕል አይሠራም።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ሞያሌ የሚወርደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ዲላ ይደርሳል፤ ከዲላ ወናጎን፣ ከዚያም ይርጋጨፌን ያልፋል። ከዚህ አስፋልት የሚገነጠሉት መንገዶች ወደ ቡሌ፣ ወደ ኮቾሬ፣ ወደ ገደብ ይወጣሉ። ወርቃ በገደብ በኩል ናት፤ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ግድም ነው። ስሟ በቡና የታወቀ ነው። ወርቃ ሳካሮ፣ ወርቃ ጨልበሳ እየተባለ በሩቅ አገር ቡና ቆዪዎች ከረጢት ላይ ይታተማል። ከረጢቱ ላይ የማይታተመው ግን የሰዉ ብዛት ነው። ጌዴኦ በአገራችን ገጠር ሰው እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን በአንዳንድ ስፍራ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ1,000 በላይ ሰው ይኖራል። እንዲህ ባለ አገር መኪና የማያልፍበት መንገድ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሰው የማያልፍበትን መፈለግ ግን ከንቱ ድካም ነው።

ይሁን እንጂ እነዚህ መንገዶች ጸጥ ያሉ ናቸው፤ እኔን ሲያስገርመኝ የኖረውም ይኸው ነው። ከገደብ ወጥቶ በጠጠሩ ላይ የሚጋልብ ሰው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ደን ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ከላይ ዋንዛ፣ ብርብራ፣ ብሳና፣ ሰሳ፤ ከእነርሱ ሥር ሰፋፊ ቅጠሉን የዘረጋ እንሰት፤ ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቡና፤ ከቡናው ሥር ደግሞ ጎመንና ጎደሬ። ቤት አይታይም። ከዚያ ከቅጠሉ ጀርባ አንድ ሰው ያስላል። ትንሽ ራቅ ብሎ ሕፃን ያለቅሳል። ሌላ ቦታ ሴቶች በሳንቃ ላይ ያጋደሙትን እንሰት በቀርከሃ ሲፍቁ፣ ተመሳሳይና የማያቋርጥ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ያኔ ደን የመሰለው ሁሉ ጓሮ መሆኑ ይገባዋል፤ ዛፉ ሁሉ ባለቤት አለው፤ እያንዳንዱ ቡና እግር በስም የሚታወቅ ሰው ማሳ ላይ ቆሟል። መንገዱ የሚያልፈው በሰው ቤት መካከል ነው። ጸጥታው የተገኘው ሰዉ ከዛፍ ጋር ስለሚኖር፣ ቅጠሉም ድምፅን ስለሚውጥ ነው።

የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም ሪያድ ላይ በተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር፣ የተመዘገበው ይህ አብሮ መኖር ነበር፤ ዛፉ፣ እንሰቱ፣ ቡናው፣ የሽማግሌው ሥርዓት፣ በተራራው ጫፍ ላይ የቆሙት ድንጋዮችም ጭምር። ብስክሌተኛ ይህን ቅርስ የሚያውቀው በእግሩ ነው። ዳገቱ ከባድ ነው፤ ጠጠሩ የሚንሸራተት ነው፤ እርከን የሌለው ቀጥ ያለ ገደል ላይ አፈሩ ሳይሸሽ ለዘመናት የቆየው በሥርና በጥላ ተይዞ እንደሆነ ለማየት ማርሹን ወደ መጨረሻው አቅልሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በዝግታ መውጣት ይበቃዋል። በዚህ ፍጥነት የሚያመልጠው ነገር የለም። በዳገት ላይ ብስክሌተኛና እግረኛ እኩል ይሄዳሉ። ከጎኑ የሚራመድ ተማሪ ሊያዋራው ይችላል፤ ያዋራዋልም።

መንገዱ ጸጥ የሚልበትን ጊዜ የሚወስነው ቡናው ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ለጎማ የተመቸ፣ ደረቅና ፀሐያማ ወቅት ነው፤ ለጸጥታ ግን የተመቸ አይደለም፤ ቡና የሚለቀመው ያኔ ነውና። የሚታጠብ ቡና እሸቱ በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል አለበት። ካደረ ይብላላል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ የተለቀመው ቀይ ፍሬ ሲመሽ በአህያ፣ በሞተር፣ በአይሱዙ እየተጫነ ወደ መፈልፈያው ይጎርፋል፤ አይሱዙዎቹም ጨለማ ከወረደ በኋላ መብራታቸውን አብርተው በጠጠሩ ላይ ይሽቀዳደማሉ። በየካቲት መኪናው ይቀንሳል። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ቡናው በአንድ ጊዜ ነጭ አበባ ያወጣል፤ ለጥቂት ቀን መንገዱ በሙሉ በጃስሚን ሽታ ይሞላል። ብስክሌት ይዤ ልምጣ የሚለኝ ሰው ካለ የምነግረው ይህን ጊዜ ነው። በልጉ ጠንክሮ ከገባ በኋላ ጎማ አይሽከረከርም።

ግን ይህ የጸጥታ አቆጣጠር የማን እንደሆነ ሳስብ ልቤ ይከፈላል። መንገዱ ሲታወክ ገበሬው ብር ይዟል። ልጁ ደብተር ተገዝቶለታል፤ ቤቱ ቆርቆሮ ተጨምሮለታል፤ ብድሩም ተከፍሏል። መንገዱ ፍጹም ጸጥ የሚለው ደግሞ በክረምቱ መካከል፣ የቡናው ብር ካለቀ በኋላ፣ ቤተሰቡ በእንሰቱ ብቻ በሚያልፍበት ጊዜ ነው። እኔ ጸጥታ የምለውን አገሬው የኪስ መንጠፍ ብሎ ሊያውቀው ይችላል። አንዱን መንገድ ሁለታችን ስንሰማው ለየቅል ነው። ይህን የተረዳ ጋላቢ ስለ መንገዱ ውበት ሲናገር ቃሉን ይመዝናል።

በጭቃው ጊዜ ያየሁትን ልናገር። ቀዩ አፈር ከረጠበ በጎማውና በሹካው መካከል እየገባ ይጠቀጠቃል፤ በመጀመሪያ ጎማው ይከብዳል፣ ከዚያ ይፋጫል፣ ከዚያም ይቆማል። ተሸክሞ መሄድ ነው እንግዲህ፤ ብስክሌቱም ከጭቃው ጋር ክብደቱ እጥፍ ይሆናል። አንድ ልጅ ከአጥሩ ወጥቶ ምንም ሳይለኝ ቀጭን እንጨት ሰበረ፤ ጫፉን በጥርሱ ሾል አደረገና ከሹካው ጀምሮ ወደ ፍሬኑ፣ ከፍሬኑ ወደ ካቴናው እያለ ጭቃውን ፈለቀቀው። አንድም ቦታ አልዘለለም። ሲጨርስ የኋላውን ጎማ በእጁ አሽከረከረ፤ ሳይነካካ መዞሩን ጆሮውን ጠጋ አድርጎ አዳመጠ። ዶማና መቆፈሪያ ሲያጸዳ ያደገ እጅ ነበር። ብስክሌት እንዳለው ጠየቅሁት፤ የለኝም አለ። በመንደሩ ጎሚስታ የሚሠራው ለሞተር ነው፤ ካላማዳሪውን በውሃ ሣህን ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ የሚፈልገው፣ ላስቲክ ቆርጦ የሚለጥፈው በሞተር ጎማ ላይ ነው። ብስክሌት ወርቃ አካባቢ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

በአገራችን ብስክሌት የሚታወቅበት ሁለት መልክ አለ። አንዱ ውድድር ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በሜልቦርን ኦሊምፒክ ጋልበዋል፤ ጽጋቡ ግርማይ ደግሞ በ2008 ዓ.ም በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ሁለተኛው መልክ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ለሥራና ለገበያ የሚነዳው ነው። መንገድ ለማየት ብቻ መጋለብ ከሁለቱም አይደለም፤ እንግዳ ነገር ነው፤ ስለዚህም ይጠየቃል።

ዳገት ላይ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሳለ አንድ አዛውንት ከኋላዬ ደረሱብኝ። ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ሰላምታው በረጅሙ ተሰጠ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤት፣ ስለ ዝናቡ።

«ወዴት ነው ልጄ?» አሉኝ።

«እንዲሁ መንገዱን ላይ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«መንገዱን?» ቆም አሉና ወደ ታች፣ ወደ መጣንበት ተመለከቱ። «ይኼ መንገድ ምን ይታያል? ክረምት ሲገባ እኮ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የምናወርድበት ነው።»

በንግግራቸው ቁጣ አልነበረበትም። የሚያውቁትን ነገሩኝ። ከዚያም ቁልቁለቱ ላይ ጎርፍ የቆረጠው ቦታ እንዳለ፣ እዚያ ስደርስ ወርጄ በእግሬ እንድሄድ መክረውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ ጸጥ ያለ መንገድ ስለሚባለው ነገር የማስበው ሁሉ በእርሱ በኩል ያልፋል። ቃሬዛ የሚሸከሙት ስምንት ወይም አሥር ወንዶች ናቸው፤ እየተፈራረቁ። ጠጠሩ ለእነርሱ የሚያንሸራትት ነው። እኔ ጎማዬን ትንሽ አስተንፍሼ፣ ሰፋ አድርጌ፣ በደስታ የማልፍበት ያው ጠጠር ነው። ከዚህ መንገድ አብዛኛው የተቆረጠው ደግሞ ለደስታ አልነበረም። ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ ቀበሌን ከወረዳ በክረምት ከበጋ ለማገናኘት በተነሣው የገጠር መንገድ ፕሮግራም፣ ሕዝቡ ዩራፕ በሚለው፣ ብዙ ቀበሌ መንገድ አግኝቷል። ሰው ጉልበቱን አዋጥቶ ድንጋይ የሰበረው መኪና እንዲመጣለት ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መንገድ የሸክም መንገድ ነበር፤ በጭሰኝነት ዘመን ገበሬው ለባለመሬቱ የሚገባውን በጀርባው ያደረሰበት። በ1952 ዓ.ም የጌዴኦ ገበሬዎች ሚጪሌ ላይ ሲያምፁ በጀርባቸው የተሸከሙት ሁሉ ከብዷቸው ነበር። የእነዚያ ልጆችና የልጅ ልጆች አስፋልት ቢመኙ ምን ይደንቃል?

ጣሊያን ውስጥ፣ ቶስካና በምትባለው የወይን አገር፣ ነጭ የጠጠር መንገዶች አሉ። ጃንካርሎ ብሮቺ የተባሉ ሰው እነዚያ መንገዶች አንድ በአንድ አስፋልት እየለበሱ መሄዳቸው ቢያንገበግባቸው በ1997 እ.ኤ.አ. ጋዮሌ ከተባለች ከተማ የሚነሣ፣ በአሮጌ ብስክሌት ብቻ የሚጋለብ ጉዞ ጀመሩ፤ ሌሮይካ ይባላል። ጉዞው ዝና አገኘ፤ ሰዉ ከየአገሩ ጎረፈ፤ ጠጠሩም የሚጠበቅ ሀብት ሆኖ ተቆጠረ። ብስክሌት መንገድን ማዳን እንደሚችል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላውቅም፤ ከልቤም አከብረዋለሁ። ሆኖም ወርቃ ላይ ቆሜ ጠጠሩ እንዳለ ይቆይ ብዬ ልጠይቅ አልችልም። የጋዮሌ ገበሬ ነጩን መንገድ ሲጠብቅ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሌላ አስፋልት በቅርብ አለው። መኪናውም በደጁ ቆማለች። ጠጠሩ ለእርሱ ምርጫ ነው። ምርጫ የሌለው ሰው ላይ ያለ ጠጠር ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ቅርስ ይሁን ብሎ መጠየቅ የራስን ደስታ በሰው ምጥ ላይ ማኖር ይሆናል።

ስለ ባዶ መንገድም የወርቃ ሰው ከእኔ የበለጠ የሚያውቀው ነገር አለ። በ2010 ዓ.ም በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በእነዚህ የጠጠር መንገዶች ላይ ሰው ልጁን አዝሎ፣ የቻለውን አንጠልጥሎ ወደ ገደብ፣ ወደ ይርጋጨፌ፣ ወደ ዲላ ተሰደደ፤ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በተፈናቃይ ሞላ። ሰው ከሄደ በኋላ በየመንደሩ የቀረው ዝምታ እኔ ከብስክሌት ጋር የምፈልገው ዝምታ አልነበረም፤ ማንም አይፈልገውም። ከዚያ ወዲህ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ በሁለቱ ሕዝቦች ዘንድ ለደም የሚደረገው የእርቅ ሥርዓት፣ ጎንዶሮ፣ ተነሥቶ፣ ብዙ ሰው ወደ ቀየው ተመልሷል።

ስለዚህ በዚህ አገር ሰው የጠፋበት መንገድ መልካም ምልክት አይደለም። ጠዋት ተነሥቶ ወደ መንገዱ የሚያይ ሰው ተማሪው ሲያልፍ፣ ገበያተኛው ሲያልፍ፣ ፈረሰኛው ሲያልፍ ካየ አገር ሰላም ነው ይላል። ካላየ ምን መጣ ብሎ ይጠይቃል። የሩቅ አገር ጋላቢ ሲመኘው የኖረው ባዶ መንገድ ለዚህ ሰው የስጋት ምልክት ነው። እኔ ወደ ወርቃ ስሄድ የማገኘው ጸጥታ የተሠራው ሰው ሳይፈራ ስለሚሄድበት ነው፤ ልጅ ብቻውን ከብት ስለሚነዳበት፣ ሴት ከገበያ ስትመለስ ስለማትቸኩል። እነርሱ ናቸው ያዋሱኝ። ውሰት ደግሞ ግዴታ አለበት።

ግዴታው ምን እንደሆነ ብስክሌቱ ራሱ ያስተምራል፤ በተለይ ቁልቁለት ላይ። ወደ ላይ ሲወጣ ብስክሌተኛ እግረኛ ነው ብያለሁ። ወደ ታች ሲወርድ ግን ከሞተር አይለይም፤ ሞተር እንኳ ድምፅ አለው። ብስክሌት ጸጥ ብሎ ይመጣል። አንዲት ሴት የእንጨት ሸክም ጀርባዋ ላይ አስራ፣ ገመዱን በደረቷ አሳልፋ፣ ጎንበስ ብላ ስትሄድ አስቡ። ዞር ብላ ማየት አትችልም፤ ዞር ካለች ሸክሙ ይዟት ይወድቃል። እርምጃዋን የምታውቀው በጆሮዋ ነው፤ የበሬ ኮቴ፣ የሞተር ጩኸት፣ የሰው ድምፅ። እኔ በኩራት መኪና አይደለሁም፣ ድምፅ የለኝም፣ ጭስ የለኝም የምለው ነገር ለእርሷ አደጋ ነው። በጎኗ ሽው ብዬ ባልፍ ትደነግጣለች፤ ጠጠሩ ላይ መደንገጥ ደግሞ መውደቅ ነው። ስለዚህ ከሩቅ ፍሬን መያዝ፣ ከሩቅ ድምፅ ማሰማት፣ «እንደምን ዋላችሁ» ማለት፣ በሸክሙ ስፋት ልክ ራቅ ብሎ ማለፍ ያስፈልጋል። ጸጥታን የሚወድ ሰው መጮኽ ያለበት ቦታ አለ።

ሰላምታው ራሱ ከጉዞው አንድ ክፍል እንጂ የጉዞ መስተጓጎል አይደለም። ጊዜውን የሚቆጥር ጋላቢ በጌዴኦ ይናደዳል። በየመታጠፊያው እጅ ይነሣል፤ በየደጁ ይጠየቃል፤ ሕፃናት «ሳይክል! ሳይክል!» እያሉ እስከ ቀጣዩ ድልድይ ይሮጣሉ። ለሁሉም የሚመለስ መልስ አለ። በመኪና መስኮት ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሊከፍል አይችልም፤ ፍጥነቱ አይፈቅድለትም፤ መስታወቱም ተዘግቷል። ብስክሌት ለሰላምታ የሚበቃ ፍጥነት አለው። እኔ ከዚህ ዕቃ ጋር ያለኝ ፍቅር ጤናም ስፖርትም ብቻ አይደለም፤ ሰውን ፊቱን እያየሁ ለማለፍ የሚያስችል ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

መግባት የማይገባባቸው ቦታዎችም አሉ። ሶንጎ ማለት ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ ነገር የሚታይበት፣ ምርቃት የሚሰጥበት ስፍራ ነው፤ ዛፎቹ አይቆረጡም፤ በየሰፈሩ ጥላቸው ከሩቅ ይለያል። የጎማ ዱካ ወደዚያ የሚያስገባ ጥሩ አቋራጭ ቢመስልም ይተዋል። የተራራው ጫፍ ላይ ያሉት ትክል ድንጋዮችም እንዲሁ። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቲቲ ላይ ሮዤ ዡሶም የተባሉት ፈረንሳዊ አርኪዮሎጂስት ቆፍረዋል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሸናፊ ዜና ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ሳካሮ ሶዶ ላይ ያሉት ድንጋዮች የመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሚሆኑ አሳይተዋል፤ ቀድሞ ከተገመተው በሺህ ዓመት ያህል የቀደመ ነው። ድንጋዮቹ የቆሙት በሸንተረሩ ላይ ነው፤ የዛሬው ጠጠርም ብዙ ቦታ የሸንተረሩን ጀርባ ይከተላል፤ ውሃ የማይተኛበት፣ እግር የማይሰምጥበት እርሱ ነውና። መኪና ከመምጣቱ ከስንት ዘመን በፊት ሰው በዚህ በኩል ይሄድ እንደነበር ለማመን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም። እኔ አዲስ መንገድ አገኘሁ የምልበት ምንም ምክንያት የለም።

አስፋልት ወደነዚህ ቀበሌዎች የሚመጣ ከሆነ ደስ ይለኛል። ግን አስፋልት ሲመጣ እግረኛው የት እንደሚሄድ አይቻለሁ። በዲላና በይርጋጨፌ መካከል ባለው አውራ ጎዳና ተማሪው በነጩ መስመር ጫፍ ላይ፣ ከሞያሌ የሚመጣው ከባድ መኪና ነፋሱ ልብሱን እየነፋበት ነው የሚራመደው። መንገዱ ለመኪና ተሠራ፤ ሰዉ ግን ከመንገዱ አልሄደም፤ የሚሄድበት ሌላ የለውም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም «መንገድ ለሰው» ብላ በተወሰነ እሑድ ጎዳናዋን ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለብስክሌት መስጠት ስትጀምር ብዙዎቻችን ተደስተን ነበር። ወርቃ ላይ በዓመት አብዛኛው ቀን መንገዱ የሰው ነው፤ ማንም አልዘጋላትም። ይህ የሚጠፋው አስፋልቱ በመጣ ቀን ነው፤ አስቀድሞ ካልታሰበበት። አገራችን ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት። ወረቀቱ የበለጠ ስለ ከተማ ያስባል። እኔ የምጠይቀው በገጠሩ መንገድ ጎን፣ ከአስፋልቱ ከፍ ብሎ ወይም በቦይ ተለይቶ፣ ሁለት ሜትር የምትሆን የእግርና የጎማ መሄጃ ትኑር ነው። ቃሬዛውን አምቡላንስ ይተካው፤ ተማሪውና ባለሸክሟ ግን ይቀጥላሉ።

ይህ ልመና ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ወጪው ሲሚንቶና አሸዋ ብቻ አይደለምና። ሁለት ሜትር ስፋት በአንድ ኪሎ ሜትር 2,000 ካሬ ሜትር ነው፤ የሄክታር አንድ አምስተኛ። በጌዴኦ ብዙ ቤተሰብ የሚኖረው ከግማሽ ሄክታር ባነሰ መሬት ነው። መንገድ ዳር ያለው ማሳ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቤቱ ግቢ ራሱ ነው፤ እንሰቱ ለልጅ የሚተርፍ፣ ቡናው አባት የተከለው፣ ዋንዛው አያት የተወው። ለተማሪዋ መራመጃ ተብሎ የአንዱ ቤት እንሰት መስመር ይነቀላል፤ እንሰት ደግሞ ተተክሎ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ካሳ በብር ቢከፈልም በእነዚያ ዓመታት ምን እንደሚበላ ብሩ አይናገርም። ስለዚህ የት ቦታ መንገዱ ይስፋ፣ የት ቦታ ይጠበብ፣ የትኛው ዛፍ ቆሞ እግረኛው ይዙረው፣ ይህን ሁሉ ባለማሳዎቹ ራሳቸው፣ ሥዕሉ ሳይጸድቅ፣ በየቀበሌው ሶንጎ ሥር ተቀምጠው ሊጠየቁበት ይገባል፤ ጠያቂውም መሐንዲስ ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ ጠጠር ላይ ሰላምታቸውን ተቀብሎ ያለፈ ሁሉ ነው።